የአረጋሽ ሱፍ

አስመራ፣ ጸጸራት
የካቲት 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ውድ አረጋሽ፣

ደብዳቤሽን ከደሴ ዕቃ የሚያመላልሰው ባለሱቁ ሑሴን ሰጠኝ። ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፣ እዚያው ከሱቁ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የወንድሜ ሚስት ከሆንሽ ወዲህ መልክሽን በፎቶግራፍ እንኳ አላየሁም፤ ዛሬ ግን ድምፅሽን የሰማሁ መሰለኝ። ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንስማማ፦ "እርስዎ" አትበይኝ። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤቴ "ክቡር ሆይ" እና "እርስዎ" ስጽፍ ነው የምውለው። ታላቅሽ ነኝና ከፈለግሽ "እትዬ" በይኝ፣ ከዚያ አትለፊ።

አማርኛዬን ማድነቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። ወድጄ የተማርኩት ግን አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛ ይሁን ሲባል፣ እንጀራዬን እንዳላጣ ብዬ ከሥራ በኋላ ትምህርት ቤት ገባሁ። ስለዚህ የናፍቆት ደብዳቤ ስጽፍም ማመልከቻ ይመስልብኛልና ታገሺኝ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ተወልደ ስለ አባቱ ሲጠየቅ ዝም ይላል ብለሻል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ አባታችን ኣቦይም የልጁን ስም አያነሣም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ እንግዲህ ከሥሩ ልንገርሽ። እናታችን ባረፈች በአርባ ቀኗ ኣቦይ ተዝካር ደገሰ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተወልደ ያን ጊዜ እኛ ከኒሻ ከምንላቸው ወንጌላውያን ጋር መጸለይ ጀምሯል። ከመካከል ተነሣና "እናቴን የሚያድናት የክርስቶስ ጸጋ ነው እንጂ ድግሳችሁ አይደለም" አለ። ሐሰት ተናገረ አልልም፣ እኔ የሃይማኖት ዳኛ አይደለሁም። ግን ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ኣቦይ በሩን በእጁ አሳየውና "እንግዲያው የእኔንም ቃሬዛ እንዳትሸከም" አለው። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

ኣቦይ ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ግንበኛ ነበር። በገጀረት ሰፈር ብታልፊ የምታዪው የቪላ አጥር ሁሉ ብዙው የእሱ እጅ ነው፤ የሰበካችንን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ደግሞ ያለ ደሞዝ ነው የካበው። ጾም አጉድሎ አያውቅም። "ቀኔ ሲደርስ ባዶ እጄን አልቀርብም" ማለት ይወዳል።

አሁን ሳንባውን ታሟል። ሐኪሙ መርፌ አዞለታል፤ ነገር ግን ወተትና እንቁላል ካልወሰደ መርፌው ብቻውን አያነሣውም ብሎ ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ። ዐቢይ ጾም ደግሞ ከደጃችን ቆሟል። ለተወልደ ንገሪው። አባቴ እንዳይሞትብኝ እፈራለሁ፣ ከልጁ ሳይታረቅ እንዳይሞት ደግሞ አብልጬ እፈራለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ኣብርሄት ወልደኣብ

ይቅርታ፣ "ከሰላምታ ጋር" ያለው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።


ደሴ
የካቲት 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

እትዬ ኣብርሄት፣

የጦሳ ተራራን ብርድ አልፎ የሚመጣ ሰላምታ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ተወልደ ትምህርት ቤቱ የፈተና ወረቀት ጭኖበት ነው ያልጻፈልሽ። እሱ በሳምንቱ ቀናት ያስተምራል፣ እሑድ ይሰብካል፤ እኔ በሆስፒታል ቁስል አጥባለሁ። በመካከል እንገናኛለን።

የተዝካሩን ነገር ሳነብ አለቀስኩ፣ ቀጥሎም ተናደድኩ። ለእኔ የነገረኝ ግማሹን ብቻ ነበር። "አባቴ በሰው ፊት አስወጣኝ" አለኝ፤ እሱ በሰው ፊት ያለውን ግን ዋጠው። ለካ ሰባኪም እንደኛው ነው።

እኔ ደግሞ እንዴት ባለ ቤት እንዳደግሁ ልንገርሽ። እናቴ ትሰግዳለች፣ አባቴ ይቆርባል። በወሎ ይህ ብርቅ አይደለም። አንዱ ሲጾም ሌላው ያበስልለታል፤ ማንም ማንንም በር አላሳየም። ስለዚህ የእናንተ ቤት ነገር ለእኔ እንቆቅልሽ ነው፣ ግን እማራለሁ።

ስለ ሕመማቸው፦ ሐኪሙ ልክ ነው። ሳንባ የያዘውን ሰው በባዶ ሆድ መርፌ ብቻ ሲወጉት እንዴት እንደሚሆን በየቀኑ አያለሁ። ደግሞ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ትፈቅዳለችና የንስሐ አባታቸውን ለምኚያቸው፤ ከእሳቸው ቃል አይወጡም።

ደብዳቤን ባዶ እጁን መስደድ በእኛ አገር ነውር ነው። ስለዚህ በሑሴን እጅ ሱፍ ልኬልሻለሁ፤ የእናቴ ጎረቤት ስለሆነ አደራ አይበላም። ቆላ አድርገሽ ወቅጪውና በውሃ አሽተሽ አጥልዪው፣ ነጭ ይወጣል። የጾም ነው፣ ለደረት ይለሰልሳል። ከሱፉ ጋር ተወልደ ለአባቱ የጻፈው አለ። እኔ አላነበብኩትም፣ ውፍረቱን ግን አይቻለሁ።

ምራት ሆኜ ልጥራቸው አልደፍርምና፣ አባታችንን እጅ ነሥቻለሁ።

አረጋሽ


አስመራ
መጋቢት 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለ ሱፍ

ውድ አረጋሽ፣ "ጉዳዩ" ብዬ ጀምሬ ልሰርዘው ነበር፤ እንድትስቂ ብዬ ተውኩት። ሳቅ ያስፈልገናል።

ጾሙ ገብቷል። እንደ መከርሽኝ የንስሐ አባታችንን አባ ኢስሐቅን ጠራኋቸው። ጥሩ ሽማግሌ ናቸው። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው "ወልደኣብ፣ ሕመምህ ራሱ ጾም ነው። ወተቱን ጠጣ፣ እኔ ፈቅጃለሁ" አሉት። ኣቦይ እጃቸውን ሳመና "አባ፣ እርስዎ ቢፈቅዱልኝ እኔ ለራሴ አልፈቅድም" አላቸው። ይኸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም። ከዘጠኝ በኋላም ያቺን ሽሮ ነካ አድርጎ ይተዋታል። ትከሻው ላይ ሸሚዙ በምስማር የተሰቀለ ይመስላል።

የተወልደን ጽሑፍ አንብቤለት እንደሆነ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። አላነበብኩለትም። እኔ ብቻዬን አነበብኩት። ሰው በሥራው እንደማይድን፣ መዳን ስጦታ እንደሆነ፣ በጥቅስ ላይ ጥቅስ ደርድሯል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ከላይ እስከ ታች ግን "ኣቦይ፣ እንደምን ሰነበትክ" የሚል የለበትም። ይህን ባነብለት ሽሮውንም ይተዋል ብዬ ፈርቼ ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ሱፍሽን ግን ወደደው። "ከየት መጣ?" አለኝ፤ "ከደሴ" አልኩት። "ማን ላከው?" አለኝ፤ "የሑሴን አገር ሰው" አልኩት። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም።

ተወልደ ሳይጠራ ድንገት ቢመጣስ ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ አይምጣ። ኣቦይ አሁን ለመቆጣት የሚሆን ትንፋሽ የለውም፤ ከተቆጣ ያችኑ ያለችውን ይጨርሳታል። እስኪ አንቺ ሌላ ዘዴ ካለሽ ጻፊልኝ።

ኣብርሄት


አስመራ
መጋቢት 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ውድ አረጋሽ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ አንቺ እንዳልሽው ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ ሁለት ቀን ራሴን ስሞግት ቆየሁ። ከዚያ አደረግሁት።

ሱፍና ወተት ሲቀላቀሉ ዐይን አይለያቸውም ያልሽው ልክ ነው። ማር ጠብ አደረግሁበት። ሕመሙ ጣዕም ስለወሰደበት ኣቦይ ምንም አላወቀም፤ ኩባያውን ጨርሶ ጢሙን ጠረገና "ዛሬስ ደህና ተወቅጧል" አለኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እንዳታስቢ፣ ከደስታም ከፍርሃትም ነው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሰጠዋለሁ። ወተቱን ሰው እንዳያይብኝ ከሌላ ሰፈር ነው የማስመጣው። ትኩሳቱ ጋብ ብሏል፣ ሳሉም ቀንሷል። ትናንት በግቢው ውስጥ ወጣ ብሎ የራሱን ግንብ እየዳበሰ ዞረ። ሐኪሙ "ምግቡ ተስማማህ ማለት ነው" ቢለው ኣቦይ ምን ብሎ መለሰ መሰለሽ? "ዶቶሬ፣ እኔን ያነሣኝ ጾሜ ነው" አለው። ለጎረቤቱም ይህንኑ ይናገራል። የጾም ኃይል ማስረጃ ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ በእኔ ወተት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሱፉን ላኪ ስም አጥብቆ ጠየቀኝ። ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝና "የተወልደ ሚስት ናት" አልኩት። ኩባያውን ከአፉ አነሣ። ያስቀምጠዋል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ የቀረውን ጨለጠና "እጇ ይባረክ" አለ። እኔ ግን ያቺን ቃል ይዤ ወደ ሥራ ስሄድ ከፌርማታው አልፌ ሄድኩ።

የልጁን ስም ስሰማው አልተቆጣም፣ አረጋሽ። ተወልደ አሁን ቢጽፍ፣ ጥቅስ ሳይሆን ደብዳቤ ቢጽፍ፣ የምናገኘው ነገር ያለ ይመስለኛል። ለምን አይጽፍም?

ኣብርሄት


ደሴ
መጋቢት 21 ቀን 1959 ዓ.ም.

እትዬ ኣብርሄት፣

"እጇ ይባረክ" ያሉትን ለእናቴ ነገርኳት። እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኳት፣ ጎረቤት ምን ተገኘ እንዳይል። ሌላ ሱፍ ልኬያለሁ። መድኃኒታችን ነውና አያልቅብሽ።

ለምን አይጽፍም ላልሽው ከዚህ በፊት የፈተና ወረቀት ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። እውነቱ እንዲህ ነው፤ ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር አነብለታለሁ፣ ዝም ብሎ ይሰማል፣ መጨረሻ ላይ "አባቴ መጀመሪያ ያለውን ቃል ያንሣልኝ። ቃሬዛዬን አትሸከም ብሎኛል። ጥፋቱን ይመን፣ እኔ የዚያኑ ቀን አውቶቡስ ላይ ነኝ" ይላል።

ባለፈው እሑድ ሲሰብክ ከፊት ተቀምጬ ነበር። ስለ ጸጋ ነበር የሰበከው። እግዚአብሔር እስክንስተካከል ድረስ አልጠበቀንም፣ ገና ጠላቶቹ ሳለን ወደደን እያለ ሲናገር ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር። እኔ ብቻ ደረቅ ዐይኔን ይዤ ወጣሁ። ቤት ስንገባ "ያ ጸጋ አስመራ ድረስ አይሄድም?" አልኩት። ራቱን ሳይበላ ተኛ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ለሰው ሁሉ በነጻ የሚሰጠውን ለአባቱ ሲሆን ዋጋ ይጠይቅበታል።

አትፍረጂበት ግን። በእንቅልፉ ኣቦይ እያለ ይጠራል። እሱ ራሱ አያውቀውም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ስለ ወተቱ የጻፍሽልኝ ፍርሃት እኔንም ይዞኛል። ሰው እንዲድን ብለን ነው እላለሁ። ደግሞ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ይመጣብኛል።

አረጋሽ


አስመራ
መጋቢት 28 ቀን 1959 ዓ.ም.

አረጋሽ እኅቴ፣

የፈራነው ደርሷል፤ ደርሷል ብዬም ገና አልደረሰም። ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ሰኞ ዕለት ከቅዳሴ መልስ አባ ኢስሐቅ ኣቦይን ሊጠይቁት መጡ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ኣቦይ በጣም ደስ አለው፤ ተነሥቶ ተቀምጦ ነበር። "አባ፣ ከምራቴ የመጣ ሱፍ አለ፣ እንዲህ ያለ በዕድሜዬ አልጠጣሁም፣ ጾምዎን በእሱ ይፍቱ" አላቸው። ምራቴ ሲል የመጀመሪያው ነው። እኔ ሻሂ ላፍላልዎ ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ። ኣቦይ ግን ለእንግዳ የሚሆን ንጹሕ ኩባያ አስመጥቶ ከአጠገቡ ካለው ማሰሮ በገዛ እጁ ቀዳላቸው።

አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና ቆሙ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አረጋሽ፣ በዚያች ሰዓት መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከዚያ ኣቦይን አዩት፤ እሱ እንደ ሕፃን ፊታቸውን እያየ፣ ወደዱት ይሆን እያለ ይጠብቃል። አባ ዐይናቸውን ጨፍነው ኩባያውን እስከ መጨረሻው ጠጡት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብርቱ ሱፍ ነው" አሉት። ኣቦይ ሳቀ።

ስሸኛቸው በር ላይ ልንበረከክ ስል ክንዴን ይዘው አነሡኝ። "አንቺው ንገሪው፣ ልጄ። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው ይሰበራል" ብለው በትራቸውን ይዘው ሄዱ። አልገሠጹኝም። ቢገሥጹኝ ይሻለኝ ነበር።

እስካሁን አልነገርኩትም። የፊታችን እሑድ ገብር ኄር ነው፣ ታማኙን አገልጋይ ጌታው ያመሰገነበት። ኣቦይ ከሰንበት ሁሉ አብልጦ የሚወዳት እሷን ነው፤ በእግሬ ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ ብሎ ነጠላውን አሳጥቦ ይጠብቃል። እንዴት አድርጌ ልንገረው?

ኣብርሄት


ደሴ
ሚያዝያ 4 ቀን 1959 ዓ.ም.

እትዬ፣

ንገሪያቸው። የእኔን ስም ጨምረሽ ንገሪያቸው። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የማላውቃቸውን ሰው ጾም ከሩቅ ሆኜ ያስገደፍኩት እኔ ነኝ። "የወሎዋ ምራትህ አሳሳተችኝ" በያቸው፤ እኔ እዚህ ሆኜ ቁጣቸው አይደርስብኝም፣ አንቺ ግን አብረሻቸው ትኖሪያለሽ። "እጇ ይባረክ" ያሉትን ቢያነሡብኝም እችለዋለሁ። ይህን የመጨረሻውን አልችለውም፣ ግን ንገሪያቸው።

እኔም ለተወልደ ነገርኩት። ይስቃል ወይም ይቆጣል ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረገም። እኚያ ቄስ ኩባያውን ጨረሱት ያልኩትን አስደግሞ ጠየቀኝ። "እስከ መጨረሻው?" አለኝ። "እስከ መጨረሻው" አልኩት። ወጥቶ በግቢው ሲዘዋወር አመሸ።

አረጋሽ


አስመራ
ሚያዝያ 10 ቀን 1959 ዓ.ም.

አረጋሽ እኅቴ፣

ነገርኩት። ስምሽን አልጨመርኩም፤ እሱ ግን አልጠፋውም።

መጀመሪያ አልገባውም። ሁለተኛ ጊዜ ስነግረው በዝግታ ወደ ግድግዳው ዞረ። ቆይቶ፣ ለራሱ እንደሚናገር "እኔስ ልግደፍ፣ አባን አስገደፍኳቸው" አለ። ደግሞ ቆይቶ "ዕድሜዬን ሙሉ የካብኩት በአንድ ኩባያ ፈረሰ" አለ። ከዚያ ወዲያ ሱፍም ሽሮም ውሃም እምቢ አለ። የሚጾም እንዳይመስልሽ፤ መጾሙንም ትቶት ነበር። የቀረው ነገር እንደሌለው ሰው ተኛ። በማግስቱም እንዲሁ። ገደልኩት ብዬ ነበር።

አባ ኢስሐቅን እየሮጥኩ ሄጄ አመጣኋቸው። በሩን ገርበብ አድርጌ ከውጭ ቆምኩ። የተባባሉት በትግርኛ ነው፣ እኔ እንደቻልኩ ወደ አማርኛ ልመልስልሽ።

ኣቦይ "ሲቀምሱት አላወቁም?" ብሎ ጠየቃቸው።

"አውቄዋለሁ" አሉት። "ብተወው ልጅህ በፊትህ ትዋረዳለች፣ አንተም ትወድቃለህ። የእኔ ጾም ቢጎድል ይሻላል ብዬ ጠጣሁት።"

"የኛን ጥፋት ለምን እርስዎ ይሸከሙታል?"

አባ የእጅ መስቀላቸውን አነሡ። "ወልደኣብ፣ ይህን ያህል ዘመን ስትሳለመው የኖርከው መስቀል የምን ይመስልሃል?"

ኣቦይ ማልቀስ ጀመረ። አባቴን ሲያለቅስ በእናቴ ቀብር እንኳ አላየሁትም። "ታዲያ ምን ይዤ ልቅረብ፣ አባ? ባዶ እጄን አልቀርብም ስል ነው የኖርኩት" አላቸው።

"ባዶ እጅህን ነው የምትቀርበው። እኔም ከነቅስናዬ እንደዚያው ነኝ። መጻጉዕ ያን ያህል ዘመን አልጋው ላይ ሲተኛ ምን ሠርቶ ነው የተነሣው? ሰው የለኝም ነው ያለው። ጾምህን አልንቅብህም፤ ጾምህ ቤትህ ነው፣ ኖረህበታል፣ ከብርድ ጠብቆሃል። ግን ቤትን ይኖሩበታል እንጂ ለንጉሥ መማለጃ አድርገው አይሸከሙትም።"

አባ ከሄዱ በኋላ ጠራኝ። "ወተት ስጪኝ" አለኝ። ሱፉን ላነሣ ስል "አትቀላቅዪበት" አለ። ነጩን ወተት፣ በጾም መካከል፣ ዐይኔን እያየ ጠጣው። ከዚያ ያለኝን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ።

"አባ ልጄ እንዳትዋረድ ብለው ጾማቸውን ሰጡ። እኔ ግን ተዝካሬ እንዳይዋረድ ብዬ ልጄን ሰጠሁ። ጻፊለት። ይምጣ። ይቅርታ ይጠይቀኝ አላልኩም፣ ሃይማኖቱን ይተው አላልኩም። ይምጣ ብቻ።"

ሕማማት ሊገባ ነው፣ መንገዱም ፍተሻ በዝቶበታል። ግን ፍጠኑ። ሲናገር ትንፋሹ እየተቆረጠ ነበር፤ ያን ሁለት ቀን መራቡ ጎድቶታል።

ኣብርሄት


ደሴ
ሚያዝያ 15 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ሆሣዕና

እትዬ ኣብርሄት፣

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ፖስተኛም ሑሴንም አይደለም፤ ራሱ ነው። ነገ ማለዳ ይነሣል።

ደብዳቤሽን ሳነብለት "ይምጣ ብቻ" ከሚለው ላይ ስደርስ እንድቆም በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ከዚያ "ይህን ጸጋ ስንት ጊዜ ሰበክሁት። አባቴ ግን ቀድሞኝ ደረሰበት" አለ። ለአባቱ ሊነግር ሲያዘጋጅ የኖረው ንግግር ነበረው፤ ማን የትኛውን እንደበደለ ተራ በተራ። እሱን ትቶታል። አሁን ሌላ ንግግር እያዘጋጀ ነው፣ የይቅርታ። እሱም ረዝሟል። ምን ላድርገው፣ አስተማሪ ነው።

ማታ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከከኒሻዎቹ ጋር ከሆነ ወዲህ ሕማማትን ስለማይጠብቅ ተምታቶበታል፤ "በሕማማት በአባቴ ቤት የማይደረገው ምን ምን ነው?" አለኝ። እኔም ከአባቴ ቤት የማውቀውን ነገርኩት፦ ስግደት አለ፣ ሳቅ ጨዋታ የለም፣ ይሁዳ ጌታን በመሳም ስለሸጠው እስከ ፋሲካ ድረስ መሳሳም የለም። ይህን የመጨረሻውን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። "ይሁን" አለ። "ያን ጊዜ በቤቱ ሥርዐቱን አዋረድኩበት፤ አሁን አላዋርድበትም። እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ።"

እኔ ከሆስፒታሉ ፈቃድ አላገኘሁም። ሱፍ ሰጥቼዋለሁ። ንጹሕ ሱፍ ነው፣ ከውስጡ ምንም የለበትም።

አረጋሽ


አስመራ
ሚያዝያ 23 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት

አረጋሽ እኅቴ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ባልሽ ሰላም ገብቷል፤ ቴሌግራም ያላደረግሁት ደስታዬ በጥቂት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ደረሰ ወይ፣ ኣቦይስ በሕይወት ቆየው ወይ እያልሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። ሁሉንም በተራው ልንገርሽ።

በሆሣዕና ዕለት ኣቦይ ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረኝ። በታክሲ ወሰድኩት። ታውቂያለሽ፣ በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ ፍትሐቱ በሆሣዕና አስቀድሞ ይደረጋል። ኣቦይ በየዓመቱ ይሰማው ነበር፣ ዘንድሮ ግን እንደ አዲስ ነገር ሰማው። ስንመለስ "ሳልሞት ፈቱኝ፣ ምንም ሳላደርግ" እያለ ደጋግሞ ይገረም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ከአልጋው አልተነሣም።

ተወልደ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። አውቶቡሱን መንገድ ላይ ለፍተሻ አቁመዋቸው ስለነበር ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አቧራ ነው። በሩን ስከፍትለት ላቅፈው ብል ፈገግ ብሎ ወደ ኋላ አለ፤ ሕማማት መሆኑን እኔ ረስቼው እሱ አስታወሰኝ።

ወደ ኣቦይ ክፍል ገባና ከበሩ ሥር ቆመ። ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ልክ ልጅ ሳለን ኣቦይ ፊት እንደምንቆመው። ንግግሩን ሊጀምር አፉን ከፈተ፣ ግን ካጠናው ነገር ሁሉ የወጣው ይህች ብቻ ናት፦ "ኣቦይ፣ ሕማማት ነው። አልስምህም። እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ።"

ኣቦይ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ዕድሜውን ሁሉ በሕማማት የማንንም ጉንጭ ያልነካ ሰው ነው፤ እናቴ እንደነገረችኝ እኔ የተወለድኩት በሕማማት ስለሆነ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ድረስ አልሳመኝም።

"ፋሲካን እንደማየው ማን ነገረህ?" አለው። እጁን ዘረጋ። "ንዓ ወደይ።" ና ልጄ ማለቱ ነው።

ተወልደ እንዴት እንደደረሰ አላየሁም። ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ ነው ያየሁት፣ ኣቦይ ያን አቧራማ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ዐይኑን ይስመዋል። ተወልደ "በድያለሁ" ሲል ኣቦይ "ዝም በል፣ ደክሞሃል" ይለዋል። እንደገና "በድያለሁ" ሲል "እግርህን ታጠብ፣ ኣብርሄት ውሃ አምጪ" ይላል። ንግግሩ እስከ ዛሬ አልተነገረም። ወረቀቱን ኮቱ ኪስ ውስጥ አይቼዋለሁ።

ደግሞ ፋሲካን አየው። ዐርብ ስግደት ላይ ካልሄድኩ አለ፤ ተወልደ ብብቱን ይዞ ደገፈው፣ ኣቦይ ራሱን ብቻ ዝቅ እያደረገ ሰገደ። አባ ኢስሐቅ ከሩቅ አይተዋቸው ወደ ዓምዱ ዞሩ። ዕንባቸውን ሊጠርጉ ይመስለኛል። ትናንት ደግሞ የፋሲካውን እንቁላል በልቷል፣ ወተቱንም በቀን ብርሃን ጠጥቷል። "የአረጋሽ ሱፍ ይሻላል" ብሎ ቅሬታ አቀረበ። ሐኪሙ ዛሬ መጥቶ ደረቱን አዳመጠና ተስፋ አለው አለኝ። ተስፋ ብቻ ነው ያለው፣ እኔም ያንኑ ያህል ነው የምጽፍልሽ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ እንዳትዪኝ። ዛሬ ጠዋት በእናታችን ተዝካር ነገር እንደገና ተከራከሩ፤ አንዱም አልተረታም። ግን ተወልደ እየተከራከረ ትራሱን ያስተካክልለት ነበር። የቃሬዛውን ነገር ኣቦይ ራሱ አነሣው። "ስሞት ከፊት በኩል ትይዛለህ፣ ቁመትህ ለፊት ነው የሚሆነው" አለው፣ የግንብ ሥራ እንደሚያከፋፍል።

አሁን ይህን ስጽፍ ከአልጋው ሆኖ "ለማን ነው?" አለኝ። "ለአረጋሽ" አልኩት። ይህን ጨምሪበት ብሎኛል፦ "ለምራቴ። ሱፍሽ ደርሶኛል፣ ሁለቱም ዓይነት። ፈቃድ ስታገኚ ነይ። ባዶ እጅሽን ነይ።"

እኔ ግን እላለሁ፣ ሱፉን እንዳትረሺ።

እኅትሽ ኣብርሄት